ቃል የተገባውና የተሰጠው

ባለፈው ሰሞን ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ የዛሬ ሀብታሞች ለወገናቸው ይሰጣሉ ወይስ ሰጪዎቹ ከአባቶቻችን ጋራ አልቀዋል?» ሲል ጠየቀኝ። የዚያን ቀን የምናጠናው ስለ ግሥ እርባታ ስለ ነበር ጥያቄው ከትምህርቱ ውጭ ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ነገር ግን ለሁለት በተሠራ ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው ተጣበው የተቀመጡት ልጆች ሁሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው መልሴን ይጠባበቁ ጀመር። ወዲያው ደወል ተደወለና ከመመለስ ዳንኩ። ዕዳ ግን ዕዳ ነውና ዛሬ በዚህ ዐምድ ልክፈለው።

«ድሮ ቀረ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በሐይቅ ከተማ ካውራ ጎዳናው ዳር ካለ ሻይ ቤት ተቀምጦ ይህን ጥያቄ የጣለ ሰው፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሁለት ወገን ሲፈጠር ያያል። አንደኛው ወገን፣ የጥንት ባለጸጋ ቤተ ክርስቲያን ያስተክል፣ መስጊድ ያሠራ፣ መንገደኛ ያሳድር፣ የተራበ ያበላ ነበር፤ የዛሬው ግን ፎቅ በፎቅ ላይ ከመደረብ በቀር ሌላ አያውቅም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የሚሰጥማ ሞልቷል፤ አንተን ስላልደረሰህ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሌላ ሰው ኪስ ነው። በሌላ ሰው ኪስ ለጋስ መሆን ደግሞ ማንንም አይከብድም።

እስቲ በመጀመሪያ «ድሮ» የሚባለውን እንመርምር። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ስም ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ስፍራ ነው። እኚህ አባት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1280 ወይም በ1281 ዓ.ም. አንድ አርባዕቱ ወንጌል አስጽፈው ለገዳሙ ሰጥተዋል። እንዲህ ባሉት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ አባቶቻችን የስጦታ መዝገብ ይጽፉ ነበር። መሬት የሰጠው፣ መጽሐፍ ያበረከተው፣ ጽዋና መጐናጸፊያ ያገባው ሁሉ በዚያ ይሰፍራል፤ ስጦታውን የሚሰርቀውን ወይም የሚክደውን የሚያወግዝ ቃልም ይከተለዋል። ልብ ልንለው የሚገባን፣ በወንጌሉ ላይ የሚጻፈው የተሰጠው ነው እንጂ ሊሰጥ የታሰበው አለመሆኑን ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ከገዳሙ ወዲያም ምሳሌ አናጣም። እቴጌ መነን የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ ነበሩ፤ በ1920ዎቹ ባዲስ አበባ ለሴቶች ልጆች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት፣ ሴት ልጅ ለምን ትማራለች በሚባልበት ዘመን ስንቷን አስተምሯል። በእናታቸው በወይዘሮ ስሒን ስም የሚጠራው የደሴ ትምህርት ቤትም ለወሎ ልጆች ያደረገው ውለታ በቀላሉ የሚቈጠር አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተዋል።

ይሁን እንጂ ድሮን ስናመሰግን ሚዛናችን እንዳይንጋደድ ያስፈልጋል። ለገዳምና ለደብር ይሰጥ የነበረው ጉልት ባዶ መሬት አልነበረም፤ በላዩ ላይ ገበሬ ነበረበት። የሰጪው ስም በብራና ሲጻፍ፣ ግብሩን ለአዲሱ ባለ ጉልት እያስገባ ያን ስጦታ ስጦታ ያደረገው ገበሬ ግን ስሙ አልተጻፈም። በ1965 ዓ.ም. ወሎን ረኀብ በመታው ጊዜም የብዙ ባለ ርስት ጎተራ ባዶ አልነበረም። ነገሩን ላገር ለማሳወቅ ቀድመው ከደከሙት መካከል ከደመወዛቸው በቀር ሌላ ሀብት ያልነበራቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራን ይገኙባቸዋል፤ ወደ ወሎ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለተማሪዎቻቸው አሳዩ። ስለዚህ ድሮም ሰጪና ንፉግ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ደግሞም ባገራችን ትምህርትን ለዘመናት የቀለበው ባለጸጋው ብቻ አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም፣ ቁራሽ የሚያወጡለት እናቶች አብዛኛዎቹ ለልጆቻቸው እንኳ የማይተርፋቸው ነበሩ። በወሎ ቀበሌዎች ከሼኹ ዘንድ ለመቅራት ከሩቅ አገር የመጣውን ደረሳም ያበላው የመንደሩ ሰው ነው። ለዚህ ሁሉ የታተመ ደረሰኝ የለም፤ ጭብጨባም አልነበረም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ ድረስ በዘለቀ ጊዜ በደቡብ ወሎ አያሌ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። እኔ የማስተምርበትም ትምህርት ቤት ዴስኮቹ ማገዶ ሆኑ፤ ከቤተ መጻሕፍቱም የቀረው መደርደሪያው ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ታዲያ ወላጆችና መምህራን ተመካክረን ገንዘብ ማሰባሰቢያ ቀን አዘጋጀን። ድንኳን ተተከለ፤ ማይክራፎን ተከራየን፤ የከተማው ነጋዴዎችም ሁሉ ተጠሩ። እኔ ከመምህራን ሁሉ በዕድሜ ትንሹ፣ በጽሕፈት ግን ደኅና ነው ተብዬ የመዝገቡ ጸሐፊ ሆንኩ።

አስተዋዋቂው ማይክራፎኑን ይዞ እያንዳንዱን ባለሱቅ በስሙ እየጠራ «እርስዎስ ስንት ይላሉ?» ይል ነበር። አንዱ ዐሥር ዴስክ ሲል ይጨበጨባል፤ ሌላው ሃያ ሲል ጭብጨባው ይበረታል። በመጨረሻ አንድ ሐጂ ተጠሩ። በከተማው የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። ተነሥተው ቆሙ፤ ጥቂት ዝም አሉና «ስድሳ» አሉ። ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። እኔም በትልልቅ ፊደል 60 ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

ዓመት ሞላ። ቃል ከተገባው ከአራት እጅ አንዱ እንኳ አልገባም። ከሐጂ ዘንድ አንድም ዴስክ አልመጣም። መዝገቡን በብብቴ ይዤ አራት ጊዜ ወደ ሱቃቸው ተመላለስኩ፤ አራት ጊዜም «ኢንሻ አላህ፣ ልጄ» ብለው ሸኙኝ። በአራተኛው ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ፣ በጭብጨባ ስለሚሰጡና በዝምታ ስለሚክዱ ሀብታሞች አንድ የተቈጣ ጽሑፍ ጻፍኩ። ያ ጽሑፍ በዚህ ዐምድ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። ያልወጣበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ከአምባሰል ደጋ መጥቶ በከተማው ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ልጅ አለኝ። አንባቢዎቼ ይህን ኑሮ ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም ኖራችሁበታል። ቅዳሜ ወደ አገር ቤት ወጥቶ፣ እሑድ ማታ የሳምንቱን ስንቅ በጀርባው ተሸክሞ መመለስ ነው። ይህ ልጅ አባቱ በሞተበት ዓመት ትምህርቱን ያቋርጣል ብዬ ስጠብቅ አላቋረጠም። «ኪራዩን ማን ይከፍልልሃል?» አልኩት። አቀረቀረ እንጂ አልመለሰልኝም። አከራይቱን ብጠይቃቸው፣ እርሳቸውም ከብዙ ማመንታት በኋላ ነገሩኝ፤ በግቢያቸው አምስት ክፍል አለ፤ የአምስቱንም ኪራይ፣ በየወሩም ለልጆቹ የሚሆን ዱቄት የሚልኩት ሐጂ ናቸው። ይህም ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ውሉ አንድ ብቻ ነው፤ ወሬው እንዳይወጣ።

በማግስቱ አምስተኛ ጊዜ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ፤ መዝገቡን ግን አልያዝኩም። ሐጂም ባዶ እጄን አይተው በርጩማ አቀረቡልኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ፤ «ያን ቀን ስሜ በማይክራፎን ሲጠራ ምን ልበል? ዐሥር ብል ሰው ይስቅብኛል፤ እምቢ ብል ነገ ገበያ እንዴት እወጣለሁ? ስድሳ አልኩ። ስድሳውን የምችል ብሆን ኖሮ አንተን አራት ጊዜ ባላመላለስኩህ።»

«ስለ ልጆቹ ኪራይስ ለምን አይናገሩም? ሰው ቢያውቅ ይመሰገኑ ነበር፤» አልኳቸው።

«እርሱ ዘካ ነው። የነሱ ሐቅ እኔ እጅ ላይ ቆይቶ ነው። የሰው ሐቅ ሲመለስ ይጨበጨባል እንዴ?»

እንደምታውቁት በእስልምና ሥርዐት ዘካ የሚወጣው ዓመት ከሞላው የተረፈ ገንዘብ ከመቶ ሁለት ተኩል ነው፤ ከአቅሙ በደረሰ ሰው ላይም ግዴታ ነው። በክርስትናውም አሥራት አለ። ሐጂ ባንድ ቃል ያስረዱኝ ነገር ቢኖር፣ የሚገባው ሰው የወሰደው የራሱን ነው፣ ሰጪውም የከፈለው ዕዳውን ነው የሚለውን አሮጌ ትምህርት ነው።

ከሱቁ ስወጣ አፍሬ ነበር። ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ብዘጋው ውሸት ይሆንብኛል። ለምን ቢሉ፣ ያ «ስድሳ» ምንም ጉዳት ያላደረሰ ባዶ ቃል አልነበረም። እኛ መምህራን ቃል የተገባውን ሁሉ «የተገኘ» ብለን በሪፖርታችን ጽፈን አስተላልፈን ነበርና፣ በዚያ ዓመት ዴስክ ሲታደል ከኛ የባሰባቸው ተብለው ሌሎች ተሰጣቸው። ስለዚህ ልጆቼ ባንድ ዴስክ አራት ሆነው የተቀመጡት በሐጂ አለመክፈል ብቻ አይደለም፤ በአስተዋዋቂው ማይክራፎን፣ በሕዝቡ ጭብጨባና በእኔ ብዕር ጭምር ነው። የማይችሉትን ያናገርናቸው እኛ ነን፤ የተናገሩትን እንደ ተሰጠ አድርጌ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የሐይቁ መነኰሳት ከ700 ዓመት በፊት ያወቁትን እኔ አላወቅሁም።

ከዚህ ወዲህ ስለ ሰጪዎች በሰማሁ ቁጥር ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ምን ተሰጠ? ለማን ደረሰ? ከሰጪውስ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

ለምሳሌ ወይዘሮ አበበች ጎበናን እንውሰድ። በ1972 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ አምባሰል ወዳለችው ግሸን ማርያም ሊሳለሙ መጥተው ነበር። አገሩ በድርቅ ተመትቶ ነበርና፣ በመንገድ ዳር ከሞተች እናቷ ጎን ያለች ሕፃን አዩ። ያችንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ከሃያ በለጡ። በቤተ ሰብ በኩል ልጆቹን ተዪ ወይም ቤቱን ልቀቂ የሚል ነገር ሲመጣባቸው ቤቱን ለቀቁ። እንጀራና ቆሎ እየሸጡ ያሳደጓቸው ልጆች በዝተው፣ ሥራው ብዙ ሺህ ሰው የሚረዳ ድርጅት ሆነ። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ድርጅቱ አብሯቸው አልሞተም። እንግዲህ እኚህ ሴት ከሀብታም ወገን ናቸው እንዳንል ሀብት አልነበራቸውም። በየዓመቱ መስከረም 21 ወደ ግሸን በዚያው መንገድ በመኪና ከሚወጣው ባለጸጋ መካከል ግን በዚያ ዓመት ያንኑ አይቶ ያለፈ አልነበረም ብዬ ለመማል አልደፍርም።

ከትልልቆቹ ባለሀብቶች ደግሞ ወልድያ ያደጉት ሼህ ሙሐመድ አል አሙዲ አሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልድያ ስታዲየም በስማቸው ይጠራል። አንዳንዱ ሰው «ከስታዲየም ይልቅ ሆስፒታል ቢሠሩ» ሲል ሰምቻለሁ። በበኩሌ ሰጪ የወደደውን ቢሰጥ አልቈጣም፤ ነገር ግን ስጦታው ከመተከሉ በፊት ተቀባዩ ሕዝብ «የቸገረን ይህ ነው» ብሎ የሚናገርበት ሸንጎ ቢኖር ለሁለቱም ይበጅ ነበር። የብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ስጦታም ተራራ እንደሚሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ አረጋውያን ማእከል ሕንጻ ማስጨረሻ በቀጥታ ሥርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ አይተናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ከባሕር ማዶም የምንማረው አናጣም። አንድሩ ካርኔጊ የተባለው አሜሪካዊ የብረት ባለጸጋ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት በልዩ ልዩ አገር አሠርቷል። ሕንጻውን ሲሰጥ ግን ውል ነበረው፤ ከተማው ቦታውን ይሰጣል፤ ሕንጻው ከወጣበት ገንዘብ ዐሥር ከመቶ የሚሆነውንም በያመቱ ለማስተዳደሪያ ይመድባል። ስጦታው ከሰጪው በኋላ እንዳይወድቅ ያደረገው ይህ ውል ነው። ነገር ግን በ1892 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዚሁ ባለጸጋ ፋብሪካ ደመወዛችን ለምን ይቀነሳል ያሉ ሠራተኞች ከታጠቁ ዘበኞች ጋራ ተጋጭተው የሰው ሕይወት መጥፋቱም አይዘነጋም። ቀን ከደመወዝ ቀንሶ ማታ መጽሐፍ ማደል ምን ያህል ቸርነት እንደ ሆነ እናንተው ፍረዱ። ባገራችንም የሠራተኛውን ደመወዝ እያዘገየ፣ ግብሩን እየሸሸገ፣ በበዓል ቀን በሬ አርዶ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው አለ። ዕዳን ሳይከፍሉ ስጦታ መስጠት በሰው ገንዘብ መመረቅ ነው።

ሕጉ ለቅን ሰጪ በሩን አልዘጋበትም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979፣ ነጋዴ ለበጎ አድራጎት የሰጠውን ገንዘብ እስከ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ዐሥር ከመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝለት ይፈቅዳል። በየገቢዎች መሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ባለሱቁ ግብሩን ሊከፍል ሲመጣ ይህን ብትነግሩት ከአንድ ሙሉ ድንኳንና ማይክራፎን የበለጠ ሥራ ትሠራላችሁ። እንዲህ ያለው ስጦታ ደረሰኝ ይጠይቃልና፣ በደረሰኝ የተሰጠ ነገር ደግሞ ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በመጨረሻ የመዝገቡን ነገር ልንገራችሁ። አሮጌውን ዘግተን አዲስ ከፈትን። በአዲሱ መዝገብ «ቃል የገቡ» የሚል ዐምድ የለም፤ ዕቃው ከግቢያችን ሲገባ ብቻ ይጻፋል። ስም እየጠሩ ማስነሣትም ቀርቷል፤ ሽማግሌዎች በየሱቁ ሄደው በለሆሳስ ይጠይቃሉ፤ «ዘንድሮ አልችልም» ያለውንም አመስግነው ይመለሳሉ። በዚህ ዐይነት የመጣው ገንዘብ ከቀድሞው ጭብጨባ ያነሰ ይመስላል፤ ከቀድሞው ገቢ ግን በልጧል። ባለፈው ወር አንድ አይሱዙ ከበራችን ቆሞ 12 ዴስክ አወረደ። ከሐጂ ነው። ስድሳ አይደለም፤ ነገር ግን 48 ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ሊቀመጡ የሚችሉበት መንገድ ተጀመረ ማለት ነው፤ 24ቱ ዛሬውኑ ተቀምጠዋል። «በማን ስም ልጻፈው?» ብዬ ብልክባቸው፣ «ቁጥሩን ጻፍ፤ ስሙን ተወው» ብለው መለሱልኝ።

ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪም ዴስኮቹን ሲያወርዱ ይረዳ ነበር። ሥራው ሲያልቅ መዝገቡን እንዳሳየው ለመነኝና ሰጠሁት። ገጹን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «መምህር፣ የእርስዎ ስም የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

የትም አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ስጦታ ስጽፍ፣ ያልሰጠውን ስቈጥር፣ ደመወዜ ትንሽ ነውና እኔን የሚጠይቀኝ የለም ብዬ አስብ ነበር። ወር ሲደርስ ከደመወዜ ጥቂት መጻሕፍት ገዝቼ አስገባሁ። እርሱንም በቁጥር ብቻ ጻፍኩት።

እንግዲህ ለልጁ የምመልሰው ይህ ነው፤ አዎን፣ ሀብታሞች ዛሬም ይሰጣሉ፤ ከምንሰማው ያነሱት ቃላቸውን ይፈጽማሉ፤ ከምናየው የበለጡት ደግሞ በዝምታ ይሰጣሉ። እነርሱን ከመቁጠራችን በፊት ግን መዝገቡን የያዘው እጅ ምን እንዳስገባ እንጠይቅ። ደኅና ሰንብቱ።